እየፈረሰ የሚሠራ አጸድ፦ የቻይና ጥንታዊ የአትክልት ስፍራዎች ዳሰሳ

በቻይናዋ ሱዡ ከተማና በአካባቢዋ የሚገኙ ዘጠኝ የአትክልት ስፍራዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ አራቱ በ1997፣ ቀሪዎቹ አምስቱ በ2000 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ቻይና ጥንታዊ አጸዶች የሚጽፍ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠቅሰው እነዚህን ነው። የእያንዳንዳቸውም ታሪክ በአንድ የምሥረታ ዓመት ይጀምራል፦ የጻንግላንግ ማረፊያ በ1045፣ የአንበሶች ጫካ በ1342፣ የትሑቱ ሹም አጸድ በ1509 ገደማ፣ ሊዩ ዩዋን በ1593። ዓመታቱ ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ጎብኚው በሩን አልፎ ሲገባ የሚያየው ቤት፣ የሚረግጠው ንጣፍና የሚያልፍበት መተላለፊያ በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተሠራና በ1950ዎቹ የታደሰ ነው። ዛፉ ሞቶ ተተክቷል፤ ኩሬው ደፍርሶ ተጠርጓል፤ አንዳንዱም አጸድ ለየባለቤቱ ተቆራርሶ እንደገና ተገጥሟል። እንግዲህ ጥንታዊ የሚያሰኘው ምኑ ነው? በእኔ አመለካከት ከእነዚህ ስፍራዎች ዘመን የተሻገሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ስለ እነሱ የተጻፈው ጽሑፍና ጠባብ ቦታን ሰፊ አድርጎ የመሥራት ሙያ። ድንጋዩና እንጨቱ የእነዚህ የሁለቱ ተከታይ ሆነው ኖረዋል።

መነሻው የነገሥታት ነው። ቀደምቶቹ የቻይና ነገሥታት የታጠረ የአደን ስፍራ ነበራቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው የሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ዉዲ፣ ሻንግሊን የተባለውን የቀደሙ ነገሥታት ስፍራ አስፋፍቶ ከሩቅ አገር በመጣ እንስሳና ተክል ሞላው። በቤተ መንግሥቱ ኩሬ ውስጥም ሦስት ደሴቶችን አሠራ፤ በምሥራቁ ባሕር ሞት የማያውቃቸው ሰዎች ይኖሩባቸዋል የሚባሉትን ደሴቶች እንዲመስሉ። ዉዲ ላለመሞት ብልሃት ሲያፈላልግ የኖረ ንጉሥ ስለ ነበር ደሴቶቹ ለእሱ የምር ጉዳይ ነበሩ። አንድ ኩሬና ሦስት ተራራ የሚለው ይህ ንድፍ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላም፣ በ1750 ግንባታው በተጀመረው የቤጂንጉ የበጋ ቤተ መንግሥት ሐይቅ ላይ ይገኛል። ሃን ወድቆ አገሩ ሲከፋፈል ደግሞ ሌላ ዓይነት ምኞት ተወለደ። ባለቅኔው ታኦ ዩዋንሚንግ በ405 ሹመቱን ጥሎ ወደ እርሻው መመለሱ ከእሱ በኋላ ለመጡ ሹማምንት ሁሉ የክብር ምሳሌ ሆነ፤ በሥልጣን የተሰላቸ፣ የተባረረ ወይም ተባረርሁ ለማለት ያልደፈረ ሰው ሁሉ አጥር ከልሎ ዛፍ ሲተክል የታኦን ስም ይጠራ ጀመር። በታንግ ዘመን ባይ ጁዪን የመሰሉ ባለቅኔዎች የተቦረቦረ ድንጋይ ሰብስቦ በግቢ የማቆምን ልማድ አስፋፉ።

የድንጋይ ፍቅር የት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳየው የሶንጉ ንጉሥ ሁዊዞንግ ነው። ሁዊዞንግ የተዋጣለት ሠዓሊና የአጻጻፍ ጥበብ ባለሙያ ነበር። በ1117 በዋና ከተማው በካይፈንግ ገንዩዌ የተባለ ሰው ሠራሽ ተራራ ማስገንባት ጀመረ። የሚፈለገው ድንጋይ ከሱዡ አጠገብ ካለው ከታይ ሐይቅ የሚወጣ፣ ውሃ ለብዙ ዘመን የበላውና ያበሳሳው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ጠቢባኑ ቀጭንነቱን፣ መጨማደዱን፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መተላለፉንና ብርሃን ማሳለፉን እያዩ ደረጃ ያወጡለታል። ዡ ሚየን የተባለ የሱዡ ሰው የንጉሡ ወኪል ሆኖ ድንጋይና ተክል ያማረበትን የሰው ግቢ ሁሉ እየገባ ወረሰ። መርከቦች ተሰልፈው በቦይ ሲያጓጉዙ፣ ግዙፉ ድንጋይ አላልፍ ሲል ድልድይና የከተማ በር ይፈርስለት ነበር። በ1120 በደቡብ የተነሣው የፋንግ ላ አመፅ አንዱ ዒላማ ያደረገው ይህንኑ ዡ ሚየንን ነው። ተራራው በ1122 ተፈጸመ። አምስት ዓመት ሳይሞላ የጁርቸን ሠራዊት ካይፈንግን ከበበ፤ በዚያ ክረምት የተጨነቀው ሕዝብ በተራራው ላይ ያሉትን ቤቶች አፍርሶ ማገዶ አደረጋቸው፣ አጋዘኖቹ ታርደው ለዘበኞች ቀለብ ሆኑ፣ ስንት ድልድይ የፈረሰለትም ድንጋይ ተሰባብሮ በጠላት ላይ ተወነጨፈ። ይህ ከመሆኑ ከሦስት አሥርት ዓመታት በፊት፣ በ1095፣ ሊ ገፈይ የተባለ ምሁር የሉዎያንግን አጸዶች ዘርዝሮ ሲጽፍ የእነዚህን ስፍራዎች መልማትና መጥፋት ያየ ሰው የአገሩን ዕጣ ማንበብ ይችላል የሚል ሐሳብ አስፍሮ ነበር። ሊ ገፈይ የዘረዘራቸው አጸዶች አንዳቸውም የሉም፤ የእሱ ጽሑፍ ግን ዛሬም ይነበባል።

ከገንዩዌ ጎን ለጎን መታየት ያለበት አንድ ድሃ አጸድ አለ። ሱ ሹንቺን የተባለ ባለቅኔ ሹም በ1044 የመሥሪያ ቤቱን ውዳቂ ወረቀት ሸጦ ለድግስ አዋለው ተብሎ ተከሶ ከሥራው ተባረረ፤ ከክሱ ጀርባ የነበረው የቤተ መንግሥት ወገኖች ሽኩቻ ነው። በማግስቱ ዓመት ሱዡ መጥቶ በ40,000 የነሐስ ሳንቲም ጠፍ መሬት ገዛ፤ ውሃ ዳር አንድ ግድግዳ የሌለው ማረፊያ አቆመ፣ ጻንግላንግ ብሎ ሰየመው፣ ስለ ቦታውም አጭር ጽሑፍ ጻፈ። በ1048 ሞተ። ከዚያ በኋላ ስፍራው በጦር አዛዥ እጅ ገባ፣ ቀጥሎም የቡድሃ መነኮሳት ገዳም ሆነ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወንዪንግ የተባለ መነኩሴ ማረፊያውን እንደገና አቁሞ ምሁሩን ጉይ ዮጓንግን መታሰቢያ እንዲጽፍለት ለመነው። ጉይ በጽሑፉ ያነሣው ጥያቄ የዚህን ዳሰሳ ጥያቄ የሚነካ ነው፦ ከተማዋን የገዙት፣ ሀብታቸው የማይቆጠር የዉዩዌ ልዑላን የተከሏቸው አጸዶች ጠፍተው ሳለ የአንድ የተባረረ ሹም ማረፊያ መነኩሴ የሚጨነቅለት ለምንድን ነው? መልሱን ያገኘው በሰውየው ስምና ጽሑፍ ውስጥ ነው። በ1696 ደግሞ የአውራጃው ገዢ ሶንግ ሉዎ ቦታውን ፈርሶ ቢያገኘው ማረፊያውን ከውሃው ዳር አንሥቶ ጉብታው አናት ላይ ሠራው። በ1860 ጦርነት ወደመ፤ በ1873 እንደገና ቆመ። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ማረፊያ ሱ ሹንቺን ከሠራው አንድ እንጨት የለውም፤ የቆመበት ቦታ እንኳ ሌላ ነው። ግን በየዘመኑ የተነሣው አዳሽ ሁሉ ያንን አጭር ጽሑፍ አንብቦ የመጣ ሰው ነበር።

ጽሑፍ ግን መልክን ጠብቆ አያኖርም፤ የትሑቱ ሹም አጸድ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከቤተ መንግሥት አገልግሎት የወጣው ዋንግ ሺየንቸን በ1509 ገደማ በአንድ ገዳም ይዞታ ላይ አጸዱን መሥራት ጀመረ። ወዳጁ፣ የዘመኑ ታላቅ ሠዓሊ ወን ዠንግሚንግ፣ በ1533 የስፍራውን 31 ቦታዎች እየሣለና ለእያንዳንዱ ግጥም እየጻፈ አንድ መድበል አበረከተለት። ያንን መድበል የሚገልጥ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ፍራፍሬ ነው፦ የወሸመላ ዛፎች ያጀቡት ማረፊያ፣ ውርጭ ነክቶት የሚጣፍጥ ብርቱካን የሚጠበቅበት ሌላ ማረፊያ፣ የኮክ ዳርቻ፣ የፒር ረድፍ። ዛሬ የቻይና አጸድ ሲባል በዓይነ ሕሊና የሚመጣው የድንጋይ ክምር በሥዕሎቹ ውስጥ በዚያ መጠን አይታይም። እንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ክሬግ ክሉናስ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ተነሥቶ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጸድ የሚያፈራ መሬት ሆኖ ይከበር እንደ ነበርና ወደ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ግን ወደ ድንጋይና ወደ ውድ ዕቃ ማሳያነት እንደ ተለወጠ ተከራክሯል። ክርክሩ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም የሹሙን ጨዋነት የሚያስመሰክርለት መሬቱን አርሶ መብላቱ ነበር፣ ገንዘብ የበዛባቸው ነጋዴዎች አጸድ መግዛት ሲጀምሩ ግን የጨዋነት ምልክቱ ሌላ መሆን ነበረበት። አጸዱም ከዋንግ ቤተሰብ እጅ ብዙ ሳይቆይ ወጣ፤ ልጁ በአንድ ሌሊት ቁማር ተበላው ይባላል። በ1631 ምሥራቃዊው ክፍል ለሌላ ሹም ተሸጦ ሌላ ስም ወጣለት። በ1877 ምዕራባዊው ክፍልም እንዲሁ ተለየ። ሦስቱ ተመልሰው አንድ የሆኑት በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በመንግሥት እጅ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስሙ፣ የወን ዠንግሚንግ ሥዕሎችና ግጥሞች፣ ውሃው ያለበት ዝቅተኛ መሬት ጸኑ። የወሸመላው ግቢ ዛሬም አለ፤ የሠራው ግን ኋላ የመጣ ሰው ነው።

ሙያውስ? የዚህ ሁነኛ ምስክር ጂ ቸንግ ነው። በ1582 ከሱዡ አቅራቢያ የተወለደው ጂ ቸንግ በሥዕል ጀምሮ ወደ አጸድ ሠሪነት የገባ፣ ለሀብታሞች እየሠራ የኖረ ሰው ነበር። በ1631 ዩዋንዬ የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታተመ። መጽሐፉ የፍርግርግ መስኮትን፣ የአጥርን፣ የበርንና የንጣፍን ንድፍ በሥዕል እያሳየ ይዘረዝራል፤ የአንድ ሙሉ አጸድ ፕላን ግን አንድም የለውም። ይህ ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ትልቁ መረጃ ነው። ጂ ቸንግ መስኮትን ሊያስተምር ይፈልጋል፤ አቀማመጥን ግን መሬቱ ራሱ እንዲናገር ይተወዋል። መሬቱ ዝቅ ካለ ቆፍረህ ውሃ አድርገው፣ ከፍ ካለ ጉብታ አድርገው፣ ከአጥሩ ውጭ ያማረ ነገር ካለ ተዋሰው፣ ያላማረውን ከልለው የሚል መንፈስ ነው። መዋሱ በትሑቱ ሹም አጸድ በተግባር ይታያል፦ ከኩሬው ምሥራቃዊ ጫፍ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው ከተማው ውስጥ የቆመውን የሰሜኑን ቤተ መቅደስ ረጅም ግንብ በዛፎቹ መሐል፣ የአጸዱ አካል የሆነ ያህል ያገኘዋል። የመጽሐፉ ዕጣ ራሱ ትምህርት አለው። መቅድም ከጻፉለት አንዱ ርዋን ዳቸንግ የተባለ በሕዝብ የተጠላ ፖለቲከኛ ስለ ነበር፣ ይህም አስተዋጽኦ አድርጎ መጽሐፉ በቻይና ለረጅም ዘመን ተረሳ። ጃፓን በተረፉ ቅጂዎች ረዳትነት እንደገና የታተመው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። መጽሐፉ በጠፋባቸው ሦስት መቶ ዓመታት ግን ሱዡ ውስጥ መስኮቱም ድንጋዩም በዚያው ብልሃት ሲሠራ ነበር፤ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ነበርና።

ያ ሙያ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሱዡ ውስጥ ያለውን የዓሣ አጥማጁን አጸድ ቀረብ ብሎ ማጤን ይበቃል። ስፍራው መኖሪያ ቤቱን ጨምሮ ግማሽ ሄክታር ገደማ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው ኩሬ ደግሞ ከ400 ካሬ ሜትር ብዙ አይበልጥም። የኩሬው ዳርቻ በቢጫ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን ድንጋዮቹ ከታች ወደ ውስጥ ገባ እንዲሉ ተደርገዋል፤ ስለዚህ ውሃው በድንጋዩ ሥር አልፎ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ይመስላል። በሁለት ማዕዘኖች ውሃው ቀጭን ጅረት ሆኖ ይሰወራል፤ በደቡብ ምሥራቁ ጅረት ላይ በሁለት ሦስት እርምጃ የሚያልቅ ቅስት ድልድይ አለ። ድልድዩ ትንሽ ስለ ሆነ አጠገቡ ያለው ኩሬ ትልቅ ይሆናል። ከውሃው ዳር ያሉት ቤቶች ዝቅ ያሉና ክፍት ናቸው፤ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው የንባብ ክፍል ጥድ ከፊቱ ተተክሎለት ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ሌላውም አዳራሽ በድንጋይ ጉብታ ተከልሏል። በምሥራቅ በኩል የሚታየው የመኖሪያ ቤቱ ረጅም ነጭ ግድግዳ እንዳይጫን በድንጋይና በሐረግ ተሰብሯል። ሊዩ ዩዋን ደግሞ ሌላውን ብልሃት ያሳያል። ከመንገድ የገባ ሰው በከፍተኛ ግድግዳዎች መካከል ጠባብና ደብዛዛ በሆነ መተላለፊያ እየታጠፈ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ ከላይ ብርሃን የሚገባባት ትንሽ ግቢ ያገኛል። ከዚያ ፍርግርግ መስኮቶች የተደረደሩበት ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ኩሬውና ዛፉ በየመስኮቱ ቁርጥራጭ ሆነው ይታያሉ። ጥቂት አልፎ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይከፈትለታል። ስፍራውን ሰፊ የሚያደርገው ከዚያ በፊት የነበረው ጥበትና ጨለማ ነው። እነዚህ ነገሮች በሜትርና በማዕዘን ሊጻፉ ይችላሉ፤ የሚሠሩት ግን ሰው ሲራመድ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚያይ ሰው ግማሹን ያጣዋል።

ሱዡ በ1860 በታይፒንግ አማፅያን እጅ ስትወድቅ ከአጸዶቿ ብዙዎቹ ወደሙ። የአማፅያኑ አዛዥ ሊ ሺዩቸንግ የትሑቱን ሹም አጸድ ከጎረቤቶቹ ጋር ቀላቅሎ መኖሪያው አደረገው፤ በ1863 ከተማዋ ስትመለስ የመንግሥት ሹሞች ገቡበት፣ ቀጥሎም ከሰሜን የመጡ ባለሥልጣናት ማኅበር ቤት ሆነ። ሊዩ ዩዋንን በ1873 ሸንግ ካንግ የተባለ ሰው ገዝቶ አስፋፋው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጋመስ በዚህ አጸድ ወታደሮች ፈረሶቻቸውን ያስሩበት ነበር፤ በትልቁ አዳራሽ የከበረ እንጨት ምሰሶዎች በፈረስ ጥርስ ተበልተው መሐላቸው እንደ ቅል ቀጠነ። በዚህ የውድመት ዘመን ብዕር ያነሡ ሰዎች ነበሩ። አርክቴክቱ ቶንግ ጁን በ1930ዎቹ በያንግዜ ደቡብ ያሉትን አጸዶች እየዞረ ለክቶ በ1937 መጽሐፍ ጨረሰ፤ የታተመው ግን በ1963 ነው። ሊዩ ዱንዠን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከረዳቶቹ ጋር የሱዡን አጸዶች ድንጋይ በድንጋይ መዘገበ፤ በ1968 ሞተ፣ ሥራው በ1979 ወጣ። የእነዚህ ሰዎች መለኪያ፣ የሱ ሹንቺንና የወን ዠንግሚንግ ብዕር የሠራውን ሥራ በሌላ መልክ ቀጠለ ብዬ አምናለሁ። ሊዩ ዩዋን በ1954 ሲከፈት ምሰሶዎቹ ታድሰዋል፣ ስሙና አሄዳዱ ተመልሰዋል።

ይህን የሚሰማ ሰው፣ እንግዲያስ የሚታየው ሁሉ ቅጂ ነው፣ የአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ የሚባለውም ማታለል ነው ሊል ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ የመግቢያ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ዓመት ሙሉውን እውነት አይናገርም። ነገር ግን የሕንፃን እውነተኛነት በድንጋዩ ዕድሜ ብቻ መለካት የድንጋይ ካቴድራል ያላቸው አገሮች ልማድ ነው። በ1994 በጃፓን ናራ የተሰበሰቡ የቅርስ ባለሙያዎች ያወጡት ሰነድም እውነተኛነት በየባህሉ መመዘን እንዳለበት ተቀብሏል። የእንጨት ምሰሶ ይበሰብሳል፣ የኮክ ዛፍ ጥቂት አሥርት ዓመታት ኖሮ ይሞታል፤ ሠሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር፣ ስለዚህ መታመኛቸውን ወረቀት ላይ አደረጉ። ሌላው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ ድንጋዩስ? የድንጋይ ደርዳሪው የገ ዩልያንግ ጉብታ በ1807 ገደማ ከተሠራ ወዲህ ሁዋንሺዩ ሻንዡዋንግ በተባለው የሱዡ አጸድ ቆሟል፤ ግማሽ ሺህ ካሬ ሜትር ባልሞላ ቦታ ላይ ገደል፣ ዋሻና ሸለቆ ይዟል። ይህ በእርግጥ የአንድ ሊቅ እጅ ሥራ ከነመልኩ የተረፈበት ነው፤ እቀበላለሁ። ሆኖም ለምን እንደ ተረፈ ማየት ይገባል። ገ ዩልያንግ ዋሻውን በሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አልከደነውም፤ ትንንሹን ድንጋይ ቅስት ድልድይ እንደሚሠራ አድርጎ እርስ በርሱ አቆላለፈው፣ ይህም ለዘመናት እንደሚያጸናው ራሱ ተናግሯል። ያጸናው ሙያው ነው። ብቻቸውን የሚቆሙት ታላላቅ ድንጋዮችም ቢሆኑ ከግቢ ግቢ ሲጓዙ የኖሩ ናቸው፤ ሩይዩን የተባለው ዝነኛ ድንጋይ በ1779 ወደ መንግሥት የሐር መሥሪያ ቤት ተወስዶ ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ይገኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ እንደገና መሥራት ልማድ ከሆነ ሁሉም ይሠራ የሚል ነው፤ ይህም በዩዋንሚንግዩዋን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። 350 ሄክታር ገደማ የነበረውን ይህን የቤጂንግ የነገሥታት አጸድ በጥቅምት 1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች ዘረፉት፤ የእንግሊዝ ወታደሮችም አቃጠሉት። እኔ ፍርስራሹ እንዳለ ይቆይ ከሚሉት ወገን ነኝ። ሱዡ ውስጥ መሥራትና ማፍረስ የአንድ ኑሮ ሁለት ገጽ ነበር፤ ቤቱ የሚኖርበት ሰው፣ ኩሬው የሚጠርገው እጅ ነበረው። ዩዋንሚንግዩዋን ግን የሚኖርበት ቤተ መንግሥትም፣ ያቆመው ሥርዓትም ስለ ሌለ ቢሠራ ትርዒት ይሆናል፤ የተቃጠለው ድንጋይ ደግሞ ማን ምን እንዳደረገ የሚመሰክር ሌላ ዓይነት ሰነድ ሆኗል። በሱዡም ቢሆን ያለ ሥጋት አይደለም። ለአንድ ቤተሰብና ለጥቂት እንግዶች የተሠራ መተላለፊያ በቀን ብዙ ሺህ ሰው ሲያልፍበት፣ ቀስ ብሎ መራመድን የሚጠይቀው ሙያ መሥራቱን ያቆማል፤ የጎብኚውን ቁጥር መገደብ ጣሪያ ከማደስ እኩል የጥገና ሥራ ነው።

ሙያው ከቦታው ተለይቶ መቆም መቻሉ የተፈተነበት አንድ ጉዳይ አለ። በኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ በ1981 የተከፈተው የአስተር ግቢ ከዓሣ አጥማጁ አጸድ አንዲት ትንሽ ግቢ መነሻ ተደርጎ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ሱዡ ውስጥ ሙሉ ሞዴል ቆመ፤ ከዚያ እንጨቱ፣ ሸክላውና ድንጋዩ ተጭኖ፣ ከሱዡ በሄዱ የእጅ ባለሙያዎች ሙዚየሙ ውስጥ ተገጠመ። ከጣሪያው በላይ የመስታወት ሰማይ አለ፤ ነፋስና ዝናብ የሉም፤ ስለዚህ ሙሉ አጸድ ነው ለማለት ያስቸግራል። የግድግዳው ነጭነት፣ የድንጋዩ አቀማመጥ፣ የመተላለፊያው አጋጣጠም ግን የሱዡ ነው፤ ሠሪዎቹ ያንኑ ሲሠሩ የኖሩ ናቸውና። ከሱዡ አጠገብ ካለችው ከሺያንግሻን የወጡት አናጢዎችና ግንበኞች የያዙት ይህ ጥበብ በ2009 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው የቻይና የእንጨት ሕንፃ ሙያ አካል ነው። የአጸዶቹ ምዝገባ ብዙ ጎብኚና ብዙ ገንዘብ ስቧል። ከዚያ ገንዘብ ለአናጢው ልጅ፣ ለድንጋይ ደርዳሪው ደቀ መዝሙር፣ ኩሬ ጠርጎ ሎተስ ለሚተክለው ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ደመወዝ መመደብ አለበት፤ የሚቀጥለው ምሰሶ ሲበሰብስ የሚተካው ሰው ከእነሱ መካከል ነው የሚመጣው።